ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፦ ምዝገባው ጥሩ ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ገና ይቀረዋል

የፋይዳ ትልቁ ብልሃት ሥራውን ማጥበቡ ነው። የሚሰበስበው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታና አድራሻ፣ ከዚያም የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል) ምስልና የፊት ፎቶ ነው። ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ዜግነትንም አያረጋግጥም፤ የሚመልሰው «ይህ ሰው በእርግጥ እሱ ነው ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ወሰኑን ያበጀለት አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ሶፍትዌሩም ከባዶ አልተጻፈም፤ ሞሲፕ የተባለውን፣ በህንድ ባንጋሎር የተሠራውንና ፊሊፒንስና ሞሮኮም የሚጠቀሙበትን፣ ማንም አገር ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ሥርዓት ወስዶ ነው የተነሣው። ሁሉንም እኔው ልሥራ ብለው ዓመት ከሚፈጁ ፕሮጀክቶች የለየው ይህ ነው።

ምዝገባው በነፃ ነው። ሰነድ የሌለው ሰውም በምስክር መመዝገብ ይችላል፤ ይህ በጣም የሚያስመሰግን ነው።

ችግሩ በአብዛኛው የሚፈጠረው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። መዝጋቢው ስክሪኑን ሲያዞርልዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡ። በመጀመሪያ የትውልድ ቀኑን ይዩ፦ ጥር 5 ቀን 1987 በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 13 ቀን 1995 ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር በፈረንጆቹ ቦታ ከገባ ግን ሰውየው በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያረጃል። ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ስም ከፓስፖርትና ከባንክ ደብተር ጋር ያመሳክሩ፤ «መሐመድ» መካከሉ ላይ በአንድ ኤም ወይስ በሁለት ተጻፈ? ይቺ አንዲት ፊደል በኋላ ሒሳብ ከፋይዳ ጋር ሲያያዝ «ስም አይገጥምም» ታሰኛለች።

የገበሬ፣ የቀን ሠራተኛና የአረጋዊ አሻራ ብዙ ጊዜ የተፋቀ ነው። እጅን ታጥቦ ማድረቅና የማሽኑን መስታወት ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ መጥረግ ይረዳል። አሻራው እምቢ ካለ አይሪስ አለ፤ እሱም ቢሆን የፀሐይ ብርሃን ካሜራው ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ስለሚበላሽ የምዝገባ ጠረጴዛውን ከመስኮት ማራቅ ያስፈልጋል።

ማሽኑ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል። መረጃው ተመስጥሮ ላፕቶፑ ውስጥ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል፤ የፋይዳ ቁጥሩ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘገየ ብሎ ሌላ ጣቢያ ሄዶ ዳግም መመዝገብ ግን ነገሩን ያባብሳል። ሥርዓቱ አሻራውን ከሁሉም ተመዝጋቢ ጋር ስለሚያነጻጽር ሁለተኛው ምዝገባ ተደጋጋሚ ተብሎ ይያዛል። ባለ 29 አሃዙ የምዝገባ ቁጥር ያለበትን ወረቀት አይጣሉ፤ ክትትሉ ሁሉ በእሱ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው ልዩ ቁጥር 12 አሃዝ ሲሆን ካርዱ ላይ ያለው ደግሞ 16 አሃዝ ነው፤ ቅጽ ሲሞሉ አይምታታብዎ።

የምናዝነው በተቀባዩ መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ቦታ ካርዱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ኮፒ ምንም አያረጋግጥም፤ ማንም ሰው ፎቶውን ለውጦ ሊያትመው ይችላል። ማረጋገጥ ማለት ኪዩአር ኮዱን ስካን ማድረግ፣ ወይም በአሻራ፣ ወይም በስልክ በሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ከሥርዓቱ መልስ መቀበል ነው። ኮዱ የሚመጣው በተመዘገበው ስልክ ስለሆነ ሲም የቀየረ ሰው አስቀድሞ የስልክ ቁጥሩን ማስተካከል አለበት።

ተቋሙን ከፋይዳ ጋር ለማስተሳሰር ያቀደ የፕሮጀክት ኃላፊ ከሁሉ በፊት ጊዜና ሰው የሚመድብለት ሥራ የራሱን የድሮ መዝገብ ማጽዳት ነው። ሁለት ቦታ የተከፈተ የደንበኛ ፋይልና ያለ አያት ስም የተጻፈ መዝገብ ሳይስተካከል ትስስሩ ቢጀመር ባለጉዳዩ መስኮት ላይ ይቆማል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ሁሉም ወደ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ይመለሳል።