የጀርመናዊው ወታደር ፖስትካርድ እና የፒያሳው የትርጉም ቢሮ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ጀርመናዊ ወታደር ለእናቱ የላከውን፣ እኔም ቸርችል ጎዳና ካለ የጥንት ዕቃ መሸጫ የገዛሁትን ፖስትካርድ ያስነበብኩት ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ ነው። ጽሕፈቱ በጀርመን ትምህርት ቤቶች እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ይሰጥ የነበረው ዙተርሊን የተባለ የእጅ አጻጻፍ ስለሆነ፣ ዛሬ ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ በቀላሉ አያነበውም፤ «ኤ» (e) የተባለችው ፊደል «ኤን»ን (n) ትመስላለች፣ «ኡ»ም (u) ከ«ኤን» የምትለየው ከላይዋ በምትሰመር ትንሽ ቅስት ብቻ ነው። ተርጓሚው አዛውንት በአጉሊ መነጽር እያዩ ፊደሉን አንድ በአንድ በእርሳስ ገለበጡ፤ እርጥበት ያደበዘዘውንም ቃል በግምት ከመሙላት ይልቅ ክፍት ትተውታል፣ ይህም ጥንቃቄያቸው እጅግ አስደስቶኛል። ካርዱ ቴምብር ያልተለጠፈበት የጦር ሜዳ ፖስታ ለወታደሮች ነፃ ስለነበረ መሆኑን፣ በካርዱ ላይ ያለው ባለ አምስት አኃዝ ቁጥርም የጦር ክፍሉን ማንነትና ስፍራ ለመሰወር የተሰጠ መሆኑን አስረዱኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ የሱፍ ካልሲ ይላክልኝ፣ ድንቹስ ተለቀመ ወይ? ዋጋውን አስቀድመው አለመናገራቸው ቅር ቢያሰኘኝም ክፍያው ለሥራው የሚገባ ነበር። የሚሄድ ሰው ፎቶግራፉን ሳይሆን ካርዱን ራሱን ይዞ ይሂድ።