ሐይቅ ላይ ዋና ለሚያስተምረው ወንድማችን ምስጋና፣ ለጀማሪዎችም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ በደሴ አቅራቢያ ባለችው ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ላይ በተካሄደው የዋናና የሩጫ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፌ በሰላም ስላጠናቀቅሁ፣ ለዚህ ያበቃኝን አሠልጣኝ በአደባባይ ማመስገን፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላይ ሆናችሁ እንዲህ ያለውን ነገር ለመሞከር ለምታስቡም መጠቆም ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስሙ በአደባባይ እንዲጠራ ስለማይፈልግ ፈቃዱን አክብሬ አልጠቅሰውም፤ እንዴት እንደምታገኙት ግን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ሐይቁ ዳር ሲሆን፣ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እሱም እስካሁን ቆሮሶ ያጠምዳል።

ውድድሩ የአካባቢው ወጣቶች ያሰናዱት መጠነኛ ዝግጅት ነበር፤ 500 ሜትር ያህል ዋኝቶ መውጣትና በዳርቻው 5 ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው። ሩጫው ለብዙዎቻችን አያስፈራም፤ ደሴ ላይ አድጎ ዳገት ያልለመደ የለም። ጭንቁ ውኃው ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ ስላለው፣ ዳሩን ትንሽ ለቀቅ እንዳደረጉ እግር የሚረግጠው መሬት ያጣል፤ እንደ መዋኛ ገንዳ ደክሞ የሚያዝ ግድግዳ ወይም ከሥር እየታየ የሚመራ መስመር የለም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝም ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል።

ከዚህ ሰው ከሁሉ በላይ የወደድኩት ለመከልከል አለማፈሩን ነው። ገንዳ ውስጥ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው እንኳ ቢመጣ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጆሮው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ ዝም ብሎ መንሳፈፍ ካልቻለ ከጀልባው እንዲርቅ አይፈቅድለትም። በዚህ የተቀየሙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ገንዘባቸውን መልሶ በትሕትና ይሸኛቸዋል እንጂ ሐሳቡን አይለውጥም። ነፋስ ተነሥቶ ውኃ ሳንገባ በተመለስንበት ዕለትም የከፈልነውን ሳንጠይቀው መልሶልናል።

ከጀልባው ሳንወርድ በፊት ፊታችንንና ማጅራታችንን በሐይቁ ውኃ ያስታጥበናል። ሰውነት ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲነካው ሳያስብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያ ትንፋሽ ፊት ውኃ ውስጥ እያለ ከመጣ ውኃ ያስውጣል። ከዚያም እስከ አንገታችን ገብተን፣ የጀልባውን ጠርዝ ይዘን፣ አየሩን በአፍንጫና በአፍ ቀስ እያልን ውኃው ውስጥ እንድናስወጣ ያደርጋል። ጀማሪ አየር ያጠረው የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ የሳበውን አየር አሟጦ ስለማያስወጣ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ጀልባ ጠርዝ ላይ ነው። ዕድሜዬን አይቶ «እትዬ» እያለ፣ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያዝዘኝ፤ ትእዛዙ ግን ትእዛዝ ነው። «እትዬ፣ አረፋዎን ልየው» ይልና አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ሌላው ትምህርቱ አቅጣጫ ነው። ሰው ፊቱን ውኃ ውስጥ ከትቶ ሲዋኝ ቀጥ ብሎ የሄደ ይመስለዋል እንጂ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ ከስድስት እስከ አሥር ቀዘፋ ባለው ጊዜ አንዴ ዓይንን ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ ምልክት ማየት ያስፈልጋል፤ ጭንቅላት በሙሉ ከተነሣ እግር ይሰምጣል። ለምልክትነት የመረጠልን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ያሉትን ረጃጅም ዛፎች ነው። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነና ክልሉ መከበር ስላለበት የምንዋኝበትን መንገድ ከዚያ ራቅ አድርጎ ነው የሚቀይሰው። ሐይቁ ከከተማው በስተምሥራቅ በመሆኑ ጠዋት ከዳር ወደ ውስጥ ሲዋኙ ፀሐይ ዓይን ላይ ትወጋለችና መስታወቱ የጠቆረ የዋና መነጽር መያዝ ይበጃል።

በልምምድ ጊዜ እያንዳንዳችን አፉ በጥብቅ የተከደነ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ወገባችን ላይ አስረን እንዋኛለን፤ ከሩቅ ያስታየናል፣ ሲደክመንም ይዘነው እናርፋለን። ከዚህ በተጨማሪ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያሰማራናል። ይህን የወሰደው ስዊምራን ከሚባለው ስፖርት መሆኑን ነግሮናል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊድን ደሴቶች በውድድርነት በተጀመረው በዚህ ስፖርት፣ ሁለት ሁለት ሰዎች ጫማቸውን እንዳደረጉ ከደሴት ደሴት እየዋኙና እየሮጡ ረጅም ርቀት ይጓዛሉ፤ ውኃ ውስጥም ከ10 ሜትር በላይ መራራቅ አይፈቀድላቸውም። የእኛ ውድድር አንዴ ዋኝቶ፣ ወጥቶ መሮጥ ብቻ ስለሆነ አኳትሎን ወደሚባለው የዋናና የሩጫ ስፖርት ይቀርባል፤ ጥንድ የመሆኑ ሥርዓት ግን ለጀማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ሸፋፍነን መዋኘት ለምንፈልግ ሴቶች ያደረገውንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የሴቶች ሰዓት ለይቶልናል፤ በዚያ ሰዓት እኅቱ ከእኛ ጋር ጀልባው ላይ ትሆናለች። ሰፊ የጥጥ ልብስ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድና ቀዘፋን ስለሚጎትት፣ ሰውነት ላይ ልክክ ያለ፣ ቶሎ የሚደርቅ እጅጌ ሙሉ ልብስ እንድናሰፋ የመከረችን እሷ ናት። ምክሯን ሰምተን አሰፋን፤ እሷም ምስጋና ይገባታል።

በሐይቁ አካባቢ ብልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይህንን ደግሞ ፈላጊ እንዳይሸሽበት ብሎ የሚሸሽግ ሰው አይደለም። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ስለሚበዙ፣ ከዚያ ርቆ ከጀልባ ላይ በቀጥታ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ያስገባናል፤ በዳሩ መንከላወስም ይከለክላል። ሆኖም ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በመሆኑም ለመጨረሻ ጊዜ ውኃ ከገባችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ እንድታደርጉ ራሱ ያስታውሳችኋል፤ ቢገኝባችሁ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። እኔም ቀጠሮዬን ይዣለሁ።

የውድድሩ ዕለት መሐል ላይ ስደርስ ከጎኔ የሚቀዝፍ ሰው የረጨው ውኃ አፌ ገባና ትንፋሼ ተዘበራረቀ። ሳላስበው በጀርባዬ ተንጋለልሁ፤ ሰውነቴ የለመደውን ነው ያደረገው። አሠልጣኙ ጀልባውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመና «እትዬ፣ ይይዙታል ወይስ ይቀጥላሉ?» አለኝ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው በሚደረጉበት በትሪያትሎን ሕግ ዋናተኛ ጀልባ ይዞ ማረፍ ይፈቀድለታል፤ ጀልባው ወደፊት እስካልወሰደው ድረስ አያስቀጣም። ይህን አስቀድሞ ስለነገረን አላፈርኩም፤ ያዝሁት፣ ሳልሁ፣ አረፍሁ፣ ቀጠልሁ። ያን ሕግ የማያውቅ ሰው ግን በእልህ ሊገፋበት ይችል ነበር።

ለመውጣት ጥቂት ሲቀረን እግራችንን አብዝተን እንድንመታ ነግሮን ነበር፤ ደም ወደ እግር እንዲወርድ ነው። ተኝቶ የቆየ ሰውነት በድንገት ሲቆም ያዞራልና የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች መራመድ ይሻላል። እርጥብ እግር ጫማ ውስጥ እንዳይላጥ ተረከዝን፣ ልብስ የሚፍቀውን አንገትም ጭምር፣ ከመግባት በፊት ቫዝሊን መቀባት ነው። ሩጫው ራሱ ሩጫ ነው፤ ብዙ የሚባል የለውም። ከኋለኞቹ ጋር ገባሁ።

ፍጥነት የምትፈልጉ፣ ሰዓት ለማሻሻል የምትዋኙ ከሆነ ይህ ሰው የእናንተ አይመስለኝም፤ የሚያውቀውም የሚወደውም ጀማሪ ነው። ማሞገስ አይችልበትም፤ ጨርሼ ስወጣ ያለኝ «ቫዝሊኑን ረስተዋል አይደል?» ብቻ ነው። ሕፃናትን ያለ ወላጅ አይቀበልም፤ ክፍያውን በቅድሚያ በግልጽ ይናገራል፣ ተመጣጣኝ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ውረዱና ጀልባ ያላቸውን ሰዎች «ዋና የሚያስተምረው ልጅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማያውቀው የለም። ስልኩን እንድሰጥ ስለፈቀደልኝ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ጠዋት ውኃ ላይ ስለሚሆን አያነሣም፤ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባውን ካሰረ በኋላ፣ ከሰዓት ደውሉለት።