የዊንሰር ማኬይ ፊልሞች በአንድ ዲስክ

የሥዕል መምህር ነኝ። ይህን ዲስክ የገዛሁት ለተማሪዎቼ ነበር፤ እስካሁን ግን ከእጄ አልወጣም።

ማኬይ በኒው ዮርክ የጋዜጣ ሠዓሊ ነበር። በ1911 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አኒሜሽን (የሚንቀሳቀስ ሥዕል) ፊልሙን በ4,000 ያህል ሥዕሎች ሠራ። ገንዘቤን ያስረሳኝ ግን የ1914ቷ ዳይኖሰር፣ ገርቲ ናት። ፊልሙን እያቆምሁ ሥዕል በሥዕል አየሁት። እሷ ዝም ብላ ስትቆም እንኳ ከኋላዋ ያሉት ዐለቶች መስመራቸው ይንቀጠቀጣል፤ መልክዓ ምድሩ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና በእጅ ይሣል ነበርና። ይህን ያደርግ የነበረው አንድ ወጣት ረዳት ነው። እጁን ባየሁት! ገርቲ ስትቆጧት ታለቅሳለች፤ ስትተነፍስ ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል። በመድረክ ላይ ማኬይ ራሱ ጅራፍ ይዞ ፊልሙ ከሚታይበት ሸራ አጠገብ ቆሞ ያዛት ነበር። በዲስኩ ላይ ንግግሩ በጽሑፍ ብቻ ነው የቀረበው።

የጋዜጣው ባለቤት ኸርስት ከመድረክ አርቆ ወደ ፖለቲካ ካርቱን መለሰው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ በ1918 ሉሲታኒያ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም የሚያሳየውን ፊልም ሠርቶ አወጣ። ጭሱን ብቻ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

የተጨመረው የፒያኖ ሙዚቃ ይጮኻል፤ ድምፁን ዘግታችሁ ተመልከቱ። የምስሉ ጥራት ግን በጣም ጥሩ ነው፤ እርሳስ ለሚይዝ ልጅ ሁሉ ግዙለት።