ለልጄ የእንግሊዝኛ አስጠኚ ምስጋና (አስጠኚ ለምትፈልጉም ጥቆማ)

ልጄ «እማዬ፣ ደግሞ ልትጽፊ ነው?» እያለችኝ ነው የምጽፈው። ትበል። ቲቸር ምስጋና ይገባቸዋል።

ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛ አንብባ ትረዳለች። ፈተና ላይ «የተሰመረበት ሐረግ ምን ዓይነት ነው?» ሲመጣ ግን ትገምታለች። በፊት የነበረው አስጠኚ የሐረግ ዓይነቶችን ዝርዝር አስሸምድዷት ነበር። ናውን ፍሬዝ (የስም ሐረግ)፣ ቨርብ ፍሬዝ (የግስ ሐረግ)፣ ፕሪፖዚሽናል ፍሬዝ (የመስተዋድድ ሐረግ)... እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሳዪኝ ስትባል ጭጭ።

አሁን የሚያስጠኗት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጀመሪያው ቀን በአማርኛ ጀመሩ። «ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀይ መጽሐፍ» ብለው ጻፉና «አንድ ቃል ብቻ ይቅር ብልሽ የቱን ታስቀሪያለሽ?» አሏት። «መጽሐፍ» አለች። መሪው እሱ ነው፤ መሪው ስም ስለሆነ ሐረጉ የስም ሐረግ ነው አሏት። ከዚያ «ዘ ሬድ ቡክ ኦን ዘ ቴብል» ብለው ጻፉ። የእኛ መሪ ቃል መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ የእነሱ መሃል ይደበቃል። ለካ ልጄ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ያለውን «ቴብል» እያየች ነው ስትሳሳት የኖረችው! ሻይ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ኢን ዘ ካር» (መኪናው ውስጥ) በሚለው ሐረግ ላይ ደግሞ ጥያቄ ማንሳት አስተማሯት። «ዘ ማን ኢን ዘ ካር» ሲባል «የትኛው ሰውዬ?» ለሚለው ይመልሳል፤ ሥራው የቅጽል ነው። «ሂ ስሌፕት ኢን ዘ ካር» ሲባል ግን «የት ተኛ?» ነው፤ የተውሳከ ግስ ሥራ ሆነ። ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ሁለት። «ፈተና አውጪ የሚያደባው እዚህ ጋ ነው» ይላሉ።

«ቱ» የምትለው ቃል ቀላል ነበረች። ከኋላው ስም ከመጣ፣ «ቱ ስኩል» እንደሚባለው፣ ፕሪፖዚሽን (መስተዋድድ) ነው። ግስ ከመጣ፣ ለምሳሌ «ቱ ስሊፕ»፣ ኢንፊኒቲቭ ነው፤ እንደ እኛ «መተኛት» ማለት ነው።

ያስቸገራት ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው «ኢንግ» ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። «ስዊሚንግ ኢን ዘ ሌክ ኢዝ ፈን» (ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ደስ ይላል) የሚለውን፣ «ስዊሚንግ ኢን ዘ ሌክ»ን በ«ኢት» ተክቶ «ኢት ኢዝ ፈን» ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጄረንድ ነው፣ የስም ቦታ ይዟል። «ዘ ቦይ ስዊሚንግ ኢን ዘ ሌክ» (ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘው ልጅ) ላይ ግን «ኢት» ቢያስገቡት ወሬው ይበላሻል። ልጁን ነው የሚገልጸው፤ ፓርቲሲፕል ነው። አሁን እራት ላይ ሁሉ «ኢት» እየተካች ታደርቀናለች።

እንከናቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ጽሕፈታቸው የሐኪም ነው። ስልክ ማታ አያነሱም። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ከሆነ አይሆኗችሁም፣ አይቸኩሉም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከጀሞ ርቀው አይሄዱም፤ ልጁን እሳቸው ጋ መውሰድ ነው።

ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እልካለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኛ ነው፣ እንዳትነኩብን።