ኪሎዬን የጠየቁኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ መካኒክን ለማመስገን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ «ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። እኛ ደንበኞቻቸው ጋሼ ነው የምንላቸው። የሞተር ሳይክል አሞርዛተር፣ ማለትም ጉድጓድ ሲመታ ንረቱን የሚውጠው ክፍል፣ ነው ሥራቸው። ሌላም ይሠራሉ፣ የሚፈለጉት ግን በዚህ ነው።

ሞተሬ ጉድጓድ ሲያገኝ ወገቤን ይለኝ ነበር። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ፊቱ ይደፋል። ቀድሞ ያየልኝ ጋራዥ የኋላውን አሞርዛተር ሞላ (ጥቅልል ብረቱን) እስከ ጥግ አጥብቆ «አለቀ፣ ተስተካክሏል» ብሎ ሸኘኝ። ጭራሽ ባሰበት። «አሞርዛተሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ያለኝም አልጠፋም።

ጋሼ ገና ሞተሩን ሳይነኩ «ስንት ኪሎ ነህ?» አሉኝ። ሰው ትጭናለህ? ዕቃስ? አስፋልት ነው ኮረኮንች የምትሄደው? ይሄን ሁሉ ከሰሙ በኋላ የጎማ ንፋስ ለኩ። ንፋሱ ሳይስተካከል አሞርዛተር መነካካት ለእሳቸው ከንቱ ልፋት ነው።

ከዚያ ሜትር አወጡ። ከኋላ ጎማው ፔርኖ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) ተነስተው ከመቀመጫው ሥር ምልክት እስካደረጉበት ቦታ ድረስ ነው የሚለኩት። መጀመሪያ ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ቀጥሎ ሞተሩ ብቻውን ቆሞ፣ በመጨረሻ እኔ ሄልሜትና ጃኬቴን አድርጌ ተቀምጬበት። አንድ ልጅ ከፊት መሪውን ይዞልናል። አንዴ ተጭነው ለቀቁትና ለኩ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ላይ ስበው ለቀቁትና ለኩ። የሁለቱን አማካይ ያዙ። ውስጥ ያለው ሰበቃ ልኩን ስለሚያሳስት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠ። ሞተሩ በራሱ ክብደት ቅንጣት አልወረደም። እኔ ስቀመጥበት ግን ከሚገባው በላይ ሰመጠ። «ጠንክሮብህ መስሎሃል፤ ለስልሶብህ ነው እንጂ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ኋላ ነው የገባኝ። ሞላን ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም። ሞተሩ የሚቆምበትን ከፍታ ብቻ ነው የሚቀይረው። የኋላ ጉዞው (ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት) 120 ሚሊሜትር በሆነ የአስፋልት ሞተር ላይ ነጂው ሲቀመጥ ከ30 እስከ 40 ቢወርድ ጥሩ ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲቆም ደግሞ ከ5 እስከ 15 ያህል መውረድ አለበት። ሁለቱ አብረው ካልመጡ ሞላው ለነጂው ክብደት አይሆንም። ከፋብሪካ የሚመጣው ሞላ መካከለኛ ኪሎ ላለው ሰው የታሰበ ነው፤ እኔ ደግሞ መካከለኛ አይደለሁም። ለካ ወገቤን የሚመታኝ አሞርዛተሩ ጉዞውን ጨርሶ መጨረሻ ላይ ካለው ከጎማ የተሠራ ማቆሚያ ጋር ሲላተም ነው።

ሞላውን ብቻ ጠንከር ባለ ቀየሩት። አሞርዛተሩን ፈትነው «ይህ ደህና ነው፣ አትጣለው» አሉ። አዲስ ቢሸጡልኝ ይበልጥ ያተርፉ ነበር። የማከብራቸው በዚህ ነው።

የፊቱ ችግር ዘይት ነበር። ሲቀዳ ጭቃ መስሎ ወጣ። በዚያ ላይ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በያዙት ሁለት እግሮች ውስጥ ያለው መጠን እኩል አልነበረም። አዲሱን ሲሞሉ ሞላውን አውጥተው፣ ቱቦውን እስከ ታች ገፍተው፣ የዘይቱን ከፍታ ከአፉ ጀምሮ በማስመሪያ ለኩ። ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙትን ጎማዎችም ቀየሩ። እነሱ ካንጠባጠቡ ዘይቱ ፍሬን ሸራው ላይ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ሲያደርጉ ግን ፈዝዤ ነው ያየሁት። የፊት ጎማውን ሲመልሱ ፔርኖውን የሚጨብጡትን ቡሎኖች አላጠበቁም። የፊት ፍሬን ይዘው መሪውን ደጋግመው ወደ ታች ገፉት። ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ቡሎኖቹን ያጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሰው የለም።

የመጨረሻው የመመለሻ ፍጥነቱ ነው። መቀመጫውን ተጭነው ይለቁታል። አንዴ ተነስቶ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። ከዘለለ ፈጥኗል። እየተንፏቀቀ ከተነሳ ደግሞ በተከታታይ ጉድጓድ ላይ ሳይመለስ እየወረደ ይሄዳል። ማስተካከያዋን መጀመሪያ በቀስታ እስከ መጨረሻ ዘጓት፣ ከዚያ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያሉ እየቆጠሩ ከፈቱ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ሌላ ሰው ከነካካብኝ ወደዚያ እመልሰዋለሁ።

አሁን ፍሬን ስይዝ ፊቱ በልኩ ይወርዳል። ኩርባ ላይ ሞተሩ የት እንዳለ አውቃለሁ። ወገቤም ሰላም ነው።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ፈጣን አይደሉም። «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ በሉት። ስልክም ቶሎ አያነሱም። «ቶሎ ይጨርሱልኝ» ካላችኋቸው ሞተራችሁን ይመልሱላችኋል። ለሚቸኩል ሰው አልጠቁማቸውም።

መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ ሁልጊዜ የምትነዱበትን ልብስና ሄልሜት አድርጉ። ሁሌ ከኋላ የምትጭኑት ሰው ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱንም አስቀምጠው ይለኩታል። ኪሎ ደግሞ አትደብቁ።