ለገጣፎ ያለው የካፒቴኑ የቅዳሜ ክፍል፦ ብሩ ያዋጣል?

ፓይለት ለመሆን ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡ። ለገጣፎ መግቢያ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ ካፒቴን በቤታቸው ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምራሉ። ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያስፈልገውን ልዩ ፈቃድ፣ እንደማይሰጡ ገና ስትመዘገቡ ይነግሯችኋል። እሱ የሚገኘው ፈቃድ ባለው ማሰልጠኛ፣ ተፈትኖ ነው። እሳቸው የሚያስተምሩት ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ የትኛው አውሮፕላን ይጠይቃል፣ የትኛው አይጠይቅም።

ብዙ ሰው «ትልቅ ከሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ካፒቴን ሰሌዳው ላይ ሴስና ካራቫን (ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን) እና ቪዥን ጄት (ትንሽ ጄት) ብለው ጻፉና የቱ እንደሚከብድ ጠየቁን። ካራቫን ነው፤ ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ ከ3,600 ኪሎ በላይ ነው። ቪዥን ጄት 2,700 ገደማ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ታይፕ ሬቲንግ የሚጠይቀው ቀላሉ ነው፤ ጄት ነዋ! ለጄት ክብደት አይታይም። ለሌላው አውሮፕላን መስመሩ 5,670 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ግዴታ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ፓይለት የሚያስፈልገውን አውሮፕላን ሁሉ ይጨምራል። እንደ ኪው 400 እና ቦይንግ 737 ያሉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ እንግዲህ ክርክር የለም። ካፒቴን «የምትበሩበትን አገር ሕግ ሳታዩ ለማንም እንዳትከፍሉ» ይላሉ። ይቺ ምክር ብቻዋን የክፍያው ዋጋ ናት።

እኔ በጣም የወደድኩት የወረቀቱን ኮክፒት (የፓይለቶቹን ክፍል) ነው። የ737 ኮክፒት በልኩ ባነር ላይ ታትሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን ይዟል። ፊት ለፊቱ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ። አንዱ ቼክሊስት ያነባል፣ ሌላው እጁን ወደተጠራው ማብሪያ ይሰዳል። የነዳጅ ፓምፕ ማብሪያዎቹ ጋ ቀለሙ ከጣት ብዛት ተልጦ ነጭ ሆኗል። ስፈልግ ስደናበር ካፒቴን «ልጄ፣ አትቸኩይ፤ እጅሽ መንገዱን ይልመድ» አሉኝ። ውድ የሲሙሌተር ሰዓት ማብሪያ ፍለጋ ላይ እንዳያልቅ ይሄ ልምምድ ትልቅ ነገር ነው።

ቅሬታም አለኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ኋላ የተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም። የሚሰጡት ፎቶ ኮፒ ደብዛዛ ስለሆነ ቁጥሮቹን ከሰሌዳው ገልብጡ። ደረሰኝም የለም።

አየር መንገድ ተቀብሎ የሚያሰለጥናችሁ ከሆነ ይሄን ሁሉ እዚያው ትማሩታላችሁ፣ አትልፉ። በራሳችሁ ብር ለምትማሩ ግን ማሰልጠኛ ከመምረጣችሁ በፊት ሂዱ። ኮክፒቱ ላይ ለመቀመጥ ወረፋ ስላለ ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ።