ዓለት ላይ ወይስ ለስላሳ አፈር ላይ? መሬት ሲንቀጠቀጥ የቱ ይሻላል

ጥንካሬ፦ ዓለት የመሬት መንቀጥቀጡን ማዕበል (በመሬት ውስጥ የሚጓዘውን ንዝረት) በፍጥነት ያሳልፋል፤ ንዝረቱ ፈጣንና አጭር ነው። ለስላሳ ሸክላ አፈር ማዕበሉን ያዘገየዋል፣ ያጎላዋልም።

ንዝረትን የማብረድ አቅም፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ አፈር ንዝረቱን ውጦ የሚያስቀር ይመስለዋል። የሜክሲኮ ሲቲ የሐይቅ ሸክላ (ከተማዋ በከፊል የቆመችበት የደረቀ ሐይቅ አፈር) ግን በ1985 (እ.ኤ.አ.) እምብዛም አልዋጠም። የመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ሸክላው በ2 ሰከንድ ምልልስ (አንዴ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ እየወሰደ) ረዘም ላለ ጊዜ ተወዛወዘ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ምልልሱ የአፈሩ ውፍረት አራት እጥፍ ለማዕበሉ ፍጥነት ሲካፈል ነው፦ ውፍረቱ 40 ሜትር፣ የማዕበሉ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜትር ቢሆን፣ 4 × 40 ÷ 80 = 2። የራሳቸው የመወዛወዝ ምልልስ ወደዚህ ስለሚጠጋ፣ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ክፉኛ ተመቱ፤ ጠንካራ መሬት ላይ ያለው የከተማው ክፍል ግን ጉዳቱ በጣም ቀላል ነበር።

ወጪ፦ ዓለት ቁፋሮው ያስመርራል፣ መሠረቱ ግን ጥልቅ መሆን የለበትም። ሸክላው የአፈር ምርመራና አንዳንዴም ፓይል (ወደ ጥልቅ መሬት የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) ይጠይቃል።

መካከለኛ ፎቅ ለሚገነባ፣ ጥልቅ ሸክላን ትቶ ዓለቱን ቢመርጥ እላለሁ። ባለ አንድ ፎቅ የብሎኬት ቤት ከሆነ ግን ፈጣኑ የዓለት ንዝረት እሱንም ይነካዋልና ብረቱ አይቀነስ። እንደ አዲስ አበባው ዋልካ ያለ አፈር ስስ ሆኖ ከተገኘ፣ ጠርጎ አውጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ መተካት ይቻላል።